እስከ ቀዩ ምልክት

ሰመራ ጤና ጣቢያ ውስጥ ልጄ ሚዛን ላይ ስትወጣ ብረቱ ሲጢጥ አለ። ነርሷ «ኪሎዋ ለዕድሜዋ በዝቷል» ስትለኝ በቅጡ አልሰማኋትም፤ ድምፁ ወደ አዋሽ ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ልጅነቴ ወስዶኝ ነበር። የምነግርህን ሁሉ ግን በሙሉ ልብ አትመን፤ እኔም ራሴን አላምነውም።

አባታችን የጣቢያው ዕቃ መዛኝ ነበር። እሑድ እሑድ ታናሽ እህቴን በጆንያ መመዘኛው ላይ ያቆማታል፤ ኪሎዋ በጨመረ ቁጥር እናታችን እልል ትላለች። ከእኔ በኋላ የተወለደው ወንድማችን መንምኖ መንምኖ በእቅፏ ስለሞተ፣ ውፍረት ለእርሷ ሞት የማይዘልለው አጥር ነበር። የባቡር ነጂው ሚስት፣ ጎረቤታችን፣ «ማሻአላህ በሉ እንጂ፣ ዓይን ይበላታል!» ትል ነበር። ሾፌሮች ከጅቡቲ የሚያመጡት ብስኩት ሁሉ የእህቴ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላት የባቡር ደረጃ መውጣት አቃታት። የሰፈሩ ልጆች «ፉርጎዋ መጣች! ሐዲዱን ልቀቁ!» እያሉ ይስቁባታል። እኔም አብሬ የሳቅሁ ይመስለኛል።

የባቡር ጣቢያው ሐኪም፣ ድሬሰሩ፣ ልቧን ካዳመጠ በኋላ አባቴን ገሠጸው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ የቡና ጆንያ ናት በየሳምንቱ የምትመዝናት?» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እርሷን ብቻ ከገበታ መከልከል ልቧን መስበር እንደሆነ፣ መለወጥ ያለበት የቤቱ ሁሉ ኑሮ መሆኑን ነገረው።

በነጋታው ስኳርና ለስላሳ ከቤታችን ወጣ። ፀሐይዋ ስትበርድ አራታችንም ሐዲዱን ተከትለን፣ ከተማው ዳር እስካለው ቀይ የባቡር ማቆሚያ ምልክት እንሄድ ጀመር። ሐዲዱ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሲተፋ የጥቁር ዘይትና የአቧራ ሽታ ይከተለን ነበር። መጀመሪያ እህቴ በየጥቂት እርምጃው ትቀመጥ ነበር፤ በኋላ እኔን ትቀድመኝ ጀመር። እናቴ ከኋላ «ቀስ በይ፣ ትከሺብኛለሽ!» ስትል፣ አባቴ «ተያት፣ ትሩጥ!» ይላታል።

ከዚያ ተውነው። ለምን? ሙቀቱ ይሆናል፤ የአባቴ የሥራ ሰዓት ተለውጦም ይሆናል። «ይቅር» ያለ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ብቻ አውቃለሁ። ብስኩቱም ቀስ እያለ ተመለሰ።

ከጤና ጣቢያው በወጣሁ በሳምንቱ እህቴን ልጠይቃት አዋሽ ሄድኩ። ስኳር በሽታ ከያዛት ቆይቷል፤ ግራ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ አርፏል።

«ጥፋቱ የእማዬ ብስኩት ነው» አልኳት።

«እማዬን ተዋት፣ ወንድምዬ። ብስኩቱን እኔም ወድጄ ነው የበላሁት። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። መሄዱን ከተዋችሁት በኋላ ጫማዬን አስሬ ደጃፍ ላይ ስንት ቀን እንደጠበቅኋችሁ ታውቃለህ?»

«ስንት ቀን?»

«ክረምት እስኪገባ» አለችና ሳቀች፤ እንዳይከፋኝ ብላ ይመስለኛል።

ያን ደጃፍ አስታውሰዋለሁ፤ የበሩን ሰማያዊ ቀለም፣ የደረጃውን ስንጥቅ ሳይቀር። በየማታው ከኳስ ስመለስ የምገባው በዚያው ነበር። ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ግን፣ ምንም ያህል ብፈልግ፣ አላገኛትም።