በፔርሙዝ የመጣው በረዶ

አባቴ ማሴሬካ የሩዌንዞሪ ተራራ መሪ ነው። እንግዶችን ከኪሌምቤ አስነስቶ፣ በቀርከሃው ጫካና በረግረጉ አሳልፎ፣ በረዶ የለበሰው ማርጌሪታ ጫፍ ላይ ያደርሳል። የመንደራችን ሰው «በረዶ የረገጠው» ይለዋል፤ እንዲህ ሲጠሩት አንገቱን ቀና ያደርግ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ወንድሜ ወንድ ልጅ ወለደ። ዓይነ ስውሩ አያቴ ብዋምባሌ አባቴን አስጠራው።

«እኔ ስወለድ ግንባሬን ያረጠበው የንዙሩሩ ውሃ ነው። ለዚህም ልጅ አምጣለት።»

ንዙሩሩ በረዶው ውስጥ የሚኖር መንፈስ፣ የሁላችን አባት ነው። ከተራራ የወረደ ሰው ለሽማግሌ «ንዙሩሩ ደህና ነው» ሳይል እህል አይቀምስም።

አባቴ ፔርሙዝ ይዞ እንግዶች እየመራ ወጣ። ላይ የሆነውን የነገረኝ አብሮት የመራው ባልንጀራው ኩሌ ነው። በረዶው ከዓለቱ ሸሽቶ፣ መሐሉ ጥቁር ገደል ሆኖ፣ የብረት መሰላል ተጋድሞበት ነበር። አባቴ አንድ እግሩን አሳረፈ፤ ቁልቁል አየና መልሶ አነሳው።

«አንተ በረዶ የረገጠው! ዛሬ በረዶው መጥቶ ይርገጥህ እንዴ?» አለው ኩሌ።

«ሆዴን አሞኛል። አንተ አሻግራቸው።»

«ሆድህን ነው ጉልበትህን?»

ፔርሙዙን ሙላልኝ ለማለት አፉ አልታዘዘለትም።

ሲመለስ ልቀበለው ወጥቼ ነበር። ውሃው ወደ ወንዙ ከሚፈስሰው ከአሮጌው የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ በታች፣ ወንዙ ዳር ተንበርክኮ ፔርሙዙን ሲሞላ አየሁት። እሱ አላየኝም።

ቤት ጎረቤት ተሰብስቧል። አያቴ ውሃውን በመዳፉ ተቀብሎ ቀመሰ።

«ኧረ እኛንም አቅምሱን!» አለች ባልቴቷ ጎረቤታችን።

«አንቺ ደግሞ! ጥርስ ሳይኖርሽ በረዶ ልትቆረጥሚ ነው?» አላት አንዱ ጎረቤት።

ቤቱ በሳቅ ሲሞላ አያቴ ወደ አባቴ ጆሮ ዘንበል አለ። አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ።

«መዳብ መዳብ ይላል፣ ልጄ።»

ከዚያ መዳፉን በኮቱ አደረቀ። በደረቅ ጣቱ የሕፃኑን ግንባር ነክቶ መረቀው። እልል ተባለ።

ለአባቴ የካሳቫ ገንፎና ዓሣ ቀረበለት። ሁሉም ያችን ቃል ይጠብቃል።

«በል እንጂ፣ በረዶ የረገጠው! ንዙሩሩ እንዴት ነው?» አለች ባልቴቷ።

አባቴ እጁን ታጥቦ ነበር። የታጠበ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የገንፎው ፊት እስኪደርቅ ድረስ እንዳቀረቀረ ቀረ።