«ኖኖ» የሚለው ፓስዎርዳችን

ባለፈው ሐሙስ ምሳዬን በልቼ ጋደም አልኩና ፊልም ልከፍት ስል ስልኬ እምቢ አለ። በዚህ አካውንት ብዙ ሰው እያየ ስለሆነ ጠብቂ ነው የሚለኝ። ብዙ ሰው? የምን ብዙ ሰው? እኛ እኮ ሁለት ነን...

እኔና አልማዝ። አልሚ እዚሁ ቦንጋ አብራኝ ያደገች፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማርን፣ ነገ ባገባ ሚዜዬ የምትሆን ጓደኛዬ ናት። አምና አስተማሪ ሆና ሺሺንዳ ስትመደብ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ተላቅሰን ነው የተለያየነው። አካውንቱን የከፈተችልኝ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ናት። ፓስዎርዱን የሰጠሁት ለአልሚ ብቻ ነው። እንዲያውም ቃሉን የመረጠችው እሷ ናት። «ኖኖ እንበለው» አለች። በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አፍ ማለት ነው። «እኔም አፌን፣ አንቺም አፍሽን» ብላ አፏን በእጇ ከደነች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት የኛ ናት። እኔ ከቦንጋ እሷ ከሺሺንዳ እንደዋወልና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ተጫኚ!» ብለን አንድ ተከታታይ ፊልም እኩል እንጀምራለን። በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ። ቀድሞ ማየት ክልክል ነው፣ ተማምለናል። ፊልሙ ውስጥ ላለችው ሴትዮ ትዳሯን የሚያምስ ስም የሌለው ደብዳቤ ይመጣላታል። ማን እንደሚጽፈው ሳስብ ሥራ ላይ ሁሉ እፈዝዛለሁ። አልሚ «ባሏ ራሱ ነው፣ ትያለሽ!» ብላ ትሟገተኛለች። በየመሀሉ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ስትጮህማ ጆሮዬን ነው የምትበሳው።

እኔ ደግሞ ፊልሙን እያየሁ የሆዴን ሁሉ እዘረግፍላታለሁ። የመሥሪያ ቤቱን፣ የእናቴን ነገር፣ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቀው ድምፁን ያጠፋውን ሰውዬ ሳይቀር...

እና ሐሙስ ዕለት «ሌባ ገብቶብናል!» ብዬ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው የአክስቴ ልጅ፣ ወደ ሙሴ ሮጥኩ።

«ፓስዎርድሽ ምንድን ነው?»

«ኖኖ። ከኋላው የተወለድኩበት ዓመት።»

«ይሄማ ለመንገደኛ የተከፈተ በር ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ረጅም፣ የሰው ስም የሌለበት፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀምኩበት አዲስ ፓስዎርድ አስገባኝ። የኢሜይሌም ያው ኖኖ ስለነበር እሱንም አስቀየረኝ። «ከሁሉም ስልክና ቲቪ አስወጣ የሚለውን ካልተጫንሽ ግን ምን ዋጋ አለው? ሌባውን ሳሎን አስቀምጦ በር መቆለፍ እኮ ነው» አለኝ። ተጫንኩት።

«ደሞ ለማንም በሜሴጅ እንዳትልኪው።»

እሺ አልኩ። ግን አልሚ ማንም ናት እንዴ?

ከሙሴ ሱቅ ወጥቼ መንገድ ዳር ቆምኩና «አልሚዬ፣ ሌባ ገብቶብን ነበር። አዲሱ ይኸውልሽ...» ብዬ መጻፍ ስጀምር ስልክ ተደወለ። እትዬ ብርቄ ናቸው፣ የአልሚ አከራይ። ባትሪ ሲያልቅባት በሳቸው ስልክ ስለምትደውልልኝ ቁጥራቸውን መዝግቤዋለሁ።

«ልጄ፣ ፊልሙ ቆመብን እኮ!»

«የቱ ፊልም እትዬ?»

«የአልማዝ ነዋ! እሷ ማስተማር ላይ ናት መሰለኝ ስልክ አታነሳም። አንቺ ታውቂበታለሽ ብዬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ተሰብስቦ ያያል። በየቤቱም ከፍታልናለች፣ እጇ ይባረክ። የደብዳቤውን እንኳ ከጨረስን ቆየን።»

እኛ ገና ስድስተኛው ክፍል ላይ ነን።

«ጨረሳችሁት?» አልኩ።

«ድሮ! በሁለት ሳምንት። ጓደኛዋ አይደለች እንዴ ጻፊዋ!... ውይ፣ አንቺ አላየሽውም ለካ።» ሳቁ። «አንቺ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ታስቂናለሽ። ባሏ አይደለም እያልሽ ስትከራከሪያት ሳቃችንን አፍነን ነው የምንሰማሽ። ያ ሰውዬስ... ደወለ? ተይው ልጄ፣ እግዜር የተሻለ ይሰጥሻል።»

«አሜን እትዬ» ብዬ ዘጋሁ። ሌላ ምን ይባላል? እሳቸው ምን አጠፉ?

ባጃጅ ክላክስ እያደረገብኝ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ፊልሙን ለሺሺንዳ ሁሉ ብታድለው ግድ አልነበረኝም፣ ብትጠይቀኝ ራሴ እሰጥ ነበር። ቀድማ ማየቷንም፣ የውሸት «ወይኔ ጉዴ»ዋንም ስቄ አልፈው ነበር። የኔን ሆድ ግን... ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያወጣሁት ለአንድ ሰው ጆሮ መስሎኝ ነበር። የጀመርኩትን ሜሴጅ አንድ በአንድ ፊደሉን አጠፋሁት።

ቅዳሜ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ደወለች። እትዬ ብርቄ ይንገሯት አይንገሯት አላውቅም።

«ቲጂዬ፣ ዛሬ ፊልሙ እምቢ አለኝ። ኔትወርክ ነው መሰለኝ... ወይስ ፓስዎርድ ነክተሻል?»

«አልሚ፣ ስፒከር ላይ ነኝ?»

ከጀርባዋ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ አንድ ሰው አሳለ።

«ኧረ ቲጂ፣ ምን...»

«ጎረቤቶችሽን ሰላም በይልኝ። ሰውዬው አልደወለም በያቸው።»

ዘጋሁትና አለቀስኩ። አልዋሽም፣ ለሰውዬው እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። እንባዬን ጠርጌ ሰባተኛውን ክፍል ብቻዬን ልከፍት ስገባ፣ ከፓስዎርዱ መጻፊያ ሥር «ረስተዋል?» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አየሁ።

ኧረ እኔስ አልረሳም።