ፀሐይ የማይነካው ሸራ

በረንዳችን ጣናን ቢያይም ከቀትር በኋላ አያስቀምጥም። እኔና ባለቤቴ የሚዘረጋና የሚጠቀለል የጥላ ሸራ ስንመርጥ ሦስት ቅዳሜ ፈጀን። እሱ ሰማያዊ አለ፤ እኔ «ሰማያዊስ ሐይቁ ይበቃናል» ብዬ ቢጫውን አሰቀልሁ። በማግስቱ ልዘረጋው ስነሣ «ተይው፣ ፀሐይ ቀለሙን ይጨርሰዋል፤ እንግዳ ሲመጣ እንዘረጋዋለን» አለኝ። የሶፋውን ላስቲክ አራት ዓመት ሙሉ ያልላጥሁ ሴት ምን አፍ አለኝ? ተስማማሁ።

አማቴ ከሐሙሲት ሲመጡ፣ «እናቴ ደግሞ እንግዳ ናት እንዴ?» ብሎ ሸራውን እንደተጠቀለለ ተወው። እሳቸውም በረንዳው ላይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ቆይተው ወደ ሸራው ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄንም ፀሐይ መታው እኮ፤ ጃንጥላ አትገዛለትም?» አሉት።

ባለቤቴ ከምሩ ማሰብ ጀመረ።