ጉልበት ላይ የተደረደረ በገና

ፖሊሶች የያዙን በሁዳዴ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ኮልፌ ያለው ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለበገና ትምህርት ሰጥቶን ነበር፤ እኔ አስተምራለሁ፣ እሱም ከሌሎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይማራል። በገና የጾም ነውና በሁዳዴ ክፍሏ ጢም ትላለች። በገናው ግን አንድ ነው፣ የኔው። አንዱ ተራው ደርሶ ሲይዘው፣ የቀሩት ግራ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በባዶው ይደረድራሉ። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። ጣት መንገዱን ካወቀ አውታሩ አያስቸግርም።

ያን ሰሞን በር ዘግቶ የተሰበሰበ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ፖሊሶቹ የክፍሏን መጋረጃ ሲገልጡት ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ምን ይምሰላቸው?

ተማሪዎቹን በማግስቱ ለቀቋቸው። ነጋዴውንና እኔን አስቀሩን፤ እሱን ከጣቢያው ግቢ ማዶ፣ እኔን ብዙ ሰው ካለበት ክፍል።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ላብ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። እግሬን የማሳርፍበት አጥቼ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ጎልማሳ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቦታ ለቀቀልኝ። ከጦር ኃይሎች ፌርማታ የሚጭን የታክሲ ሾፌር ነው።

«ይግቡ ፋዘር» አለኝ። «ትርፍ መጫን የለመድኩት ነው።»

ውጭ ብሆን ኖሮ በዚያ ጾም ቁጭ የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። አንዱ ለጉባኤ ይጠራኛል፣ አንዱ ለማኅበር፤ በገናዬን ተሸክሜ ከኮልፌ ዘነበወርቅ ስመላለስ ራሴን እንኳ ሳልሰማው ፋሲካ ይደርሳል። እዚያ ግን ጊዜ ብቻ ነው ያለው። መጀመሪያ ላይ ሐሳብ ገደለኝ፤ የነጋዴው ልጆች ፊቴ ላይ ይመጡብኛል። አንድ ጠዋት ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሰማሁ። እጄ ሳላዘው ጉልበቴ ላይ ሄደ። ቀስ ብዬ ደረደርኩ። ጫጫታው አልቆመም፣ ልቤ ግን ረጋ አለልኝ።

ሾፌሩ ሲያየኝ ቆይቶ «ፋዘር፣ ምን እየቆጠሩ ነው?» አለ።

«በገና እየደረደርኩ ነው።»

«የታለ በገናው?»

«ቤት።»

ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እኛ ጋ ጊታር ነው። ግን ጊታሩን ይዘነው ነው የምንመጣው።»

ቢስቅም ውሎ አድሮ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይሞክር ጀመር። «ይሄ እጄ ከመሪ ሌላ አያውቅም» እያለ ጣቶቹን ይሰድባቸዋል።

በሕማማት፣ ረቡዕ ቀን፣ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው። ገብቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

«ምነው አባባ፣ ሰላምታም የለ?»

«ሕማማት ነው ልጄ፣ ሰላምታ የለም።»

አንገቱ ላይ ማተብ አለ። እሱን ነካ አደረገና «እውነትዎን ነው» አለ። ቀጥሎ፣ «ያ ሁሉ ሰው፣ አንድ በገና። የቀሩት ምን ይሠሩ ነበር?»

«ይማሩ ነበር።»

«በባዶ እጅ?»

«በባዶ እጅ።»

ተነፈሰ። «አባባ፣ እርስዎን አንፈልግዎትም። ነጋዴው ሰው የሰበሰበው ለፖለቲካ ነው ይበሉና ፋሲካን ቤትዎ ይዋሉ።»

ቤቴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ባለቤቴ ብቻዋን ናት። ጉልበቴም ሲሚንቶ ላይ መተኛቱ ጎድቶት ነበር። ግን ያቺን ቃል ካልኩ ነጋዴው መቼ እንደሚወጣ እግዜር ነው የሚያውቀው። ወንበሩን ወደኋላ ሳብ አድርጌ፣ ጉልበቴ እንዲታየው አደረግሁና እጄን አሳረፍኩበት። ጀመርኩ።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«የጠየቅኸኝን እያሳየሁህ ነው። ያን ዕለት የሠራነው ይኼን ነው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ጣቶቼን አየ። ሳልቸኩል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረደርኩት። ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁት።

«ሌላ የሚሉት የለም?»

«የለኝም ልጄ።»

«ፋሲካ እንግዲህ እዚሁ ነው።»

«እዚሁ ይሁን።»

የፋሲካ ለት ጠዋት ሾፌሩ «እንኳን አደረሰዎ ፋዘር! በሉ፣ በገናውን አንሱት» አለኝ።

«በገና በጾም ነው፤ ጾሙ ደግሞ አለቀ» አልኩት። «ዛሬ ተራው ያንተ ነው።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ቆይቶ ተነሣና የሌለውን ጊታር ደረቱ ላይ አቀፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ግን አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ። ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ አየና ሄደ።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ነጋዴውንም እኔንም «ሂዱ» አሉን። ለምን እንደያዙን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

አሁንም በሁዳዴ እዚያችው ክፍል እንሰበሰባለን። ሾፌሩም ታክሲውን አቁሞ ብቅ የሚልበት ቀን አለ፤ ያ እጁ አሁንም አልተገራም። ጥሪ ቀንሻለሁ። ማለዳ ማለዳ፣ በገናውን ሳላነሳ፣ መጀመሪያ ጉልበቴ ላይ እደረድራለሁ።

ነጋዴው ከተፈታን ወዲህ አንድ ነገር ለውጧል። ትምህርት ስንጀምር መጋረጃውን ሰብስቦ ያስረዋል፣ በሩንም ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ብርዱ ይገባል፤ ጋቢያችንን እንደርባለን። መንገደኛው ቆም ብሎ ያየናል። እኛም እጃችንን ከጉልበታችን አናነሳም።