በኑዛዜው ላይ የኬዚያ መስቀል

ባለቤቴ ቶባያስ ሃርኮም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስሙ ከአውራጃው ያለፈ ሰው አልነበረም። ጌታ ይባል እንጂ ጌትነቱ ሦስት እርሻ፣ አንድ የፖም አትክልት ቦታና ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ሄርፎርድሽር ውስጥ ከሉግ ወንዝ ዳር ተወለደ፤ እዚያው አደገ፤ ሦስተኛው ጆርጅ በነገሡ በስምንተኛው ዓመት እዚያው ሞተ። ለንደንን አንድ ጊዜ አይቷል። ሲመለስ እንዴት እንደነበር ብጠይቀው «ሰው ይበዛል፤ አይባቸው ጨው የለውም» ብሎኝ ነገሩን ዘጋው።

በገና ምሳ ላይ ጎረቤቶቻችን ሲሰበሰቡ ወሬው ሁሉ የዘር ነበር። የሁሉም ቅድመ አያት ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አገሩን ድል ካደረገው ንጉሥ ጋር ባሕር ተሻግሮ፣ ሰይፍ ታጥቆ የመጣ ነው። ሚስተር ብሪጅስቶክ የሚባል አንድ ኩሩ ጎረቤታችን፣ ዓመት ሳያልፈው፣ «የእናንተስ ዘር በምን መጣ፣ ሃርኮም?» ይለዋል።

«እኛማ በበግ ጀርባ ነው የመጣነው» ይላል ቶባያስ። «ቅድመ አያቴ የሱፍ ነጋዴ ነበር። በጎቹ አንላጭም ቢሉ ኖሮ ዛሬ የእርስዎን ጫማ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።»

የማይቀልድበት ነገር ቢኖር መሬቱ ነው። አያቱ በአውራ ዶሮ ግጥሚያ ተወራርደው ወንዝ ዳር ያሉትን ሁለቱን ማሳዎች አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወራሽ ሁሉ አባቱ ፊት ቆሞ፣ እጁን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጎ፣ ከመሬቱ ስንዝር እንዳይሰጥ ይምላል። ፀደይ ሲመጣ ቶባያስ ክንዴን ይዞ እስከ አጥሩ ይወስደኝና በዘንጉ ያሳየኛል። «ያውልሽ፣ ዶሮ የበላው መሬት» ይለኛል። ልጃችን ጃስፐርም በሃያ አንድ ዓመቱ እንደዚያው ማለ።

ኬዚያ ትራንተር የወተት ቤታችን ኃላፊ ናት። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ እሷ አይብ ስትጨምቅ ነው ያገኘኋት። ቶባያስን ደፍሮ የሚቆጣው እሷ ብቻ ነበረች። ከነጭቃው ከገባ፣ «ጌታዬ፣ እርሻው ደጅ ቢያድር ማንም አይሰርቅዎትም፤ ለምን ተሸክመውት ይገባሉ?» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ ተመልሶ ይወጣና ጫማውን ያወልቃል። ያ የጫማው ድምፅ ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ አሁንም አንዳንዴ የሰማሁ ይመስለኛል።

ኬዚያ ባልም ልጅም የላትም። እናቷ የሞተችው በደብሩ የድሆች ቤት፣ በማታውቃቸው ሴቶች መካከል ነው። ስለዚያ አታወራም፤ ግን በዚያ መንገድ ማለፍ ሲኖርባት በእርሻው ዞራ ትሄዳለች። ቶባያስ ይህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ በመጨረሻው መኸር ሳል ሲጸናበት ኑዛዜውን በገዛ እጁ ጻፈ፤ ለእኔ በፀሐይ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች፣ ለጃስፐር ርስቱን፣ ለኬዚያ ደግሞ ከፖሞቹ ማዶ ያለችውን ጎጆ ከነማገዶዋ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ተናዘዘ። ከእሷ በኋላ ወደ ወራሹ ስለምትመለስ መሐላው አልፈረሰም።

የመሬት ኑዛዜ ሦስት ምስክር ይፈልጋል። ቄሱ መጡ፣ አንጥረኛው መጣ። ባለ ወፍጮው ግን ፖም የሚጨመቅበት ቀን ስለነበር ቀረ። ቶባያስ አንዴ ጥሩ ኮቱን ከለበሰ ነገን አይጠብቅም። «ኬዚያን ጥሯት» አለ።

እሷም እጇ በወተት እንደራሰ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ደግሞ ምን ጠፍቶ ነው?»

«ምንም አልጠፋም። ልትፈርሚ ነው።»

«እኔ? ከመስቀል ሌላ ምን መጻፍ አውቃለሁ!»

«መስቀሉ ይበቃል።»

«ምን ላይ ነው የምፈርመው? ቀይዋን ላም ሊሸጧት እንዳይሆን!»

«ራሴን ነው የምሸጠው። ፈርሚ አንቺ!»

«እርስዎንማ ማን ይገዛል» አለችና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ጠማማ መስቀል አኖረች። ቄሱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከወጡ በኋላ፣ «ኑዛዜው ሲነበብ እስክትሰማው ድረስ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ያን ቀን ፊቷን ባየሁ!»

«ያን ቀን እርስዎ የት ሊሆኑ ነው?» አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በየካቲት ቀበርነው። ኑዛዜውን ሊያነብ ጠበቃው ሚስተር ዳንሲ ከከተማ መጣ። የጎጆዋ ነገር ሲነበብ ሁሉም ወደ ኬዚያ ዞረ። እሷ በዚያ ሳሎን ውስጥ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሳይጋብዛት፣ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ሚስተር ዳንሲ ገጹን ገለጠ። «ይህ ምልክት የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ። መጣመሙን አይዩብኝ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ሕጉ በኑዛዜ ላይ የመሰከረ ሰው ከኑዛዜው እንዳይወርስ ይከለክላል። ኑዛዜው ይጸናል፤ የእሷ ስጦታ ግን ፈርሷል። ጎጆዋ ለወራሹ ትሆናለች።»

ሕጉ ከወጣ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። እኛ ዘንድ ወሬ በበሬ ጋሪ ነው የሚመጣው። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ኬዚያ ከወንበሩ ተነሥታ መቀመጫውን በእጇ ጠረገች። «ወተቱ እንዳይበላሽ» አለችና ወጣች።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ ጃስፐርን አነጋገርኩት። ሚስቱ ላቪኒያ ጎጆዋን ለአትክልተኛዋ እንደፈለገቻት ሰምቻለሁ።

«የአባትህን ፈቃድ በጆሮህ ሰምተሃል» አልኩት።

«ሕጉንም ሰምቻለሁ፣ እማማ። ደግሞስ አባባ ከልቡ ቢፈልግ ኖሮ ለምን ያስፈርማታል? ምናልባት ሐሳቡን ለውጦ ይሆናል።»

ይህ ከቀብሩ ይልቅ አመመኝ። «አባትህ ሐሳቡን መለወጥ የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ» አልኩት፣ «ያን አሮጌ ኮት አንተ ሳትወለድ ይጥለው ነበር።»

ፈገግ አለ፤ ግን አልተረታም። ክፉ ልጅ አይደለም። የማለበትን እጁን ነው የሚፈራው፤ ትንሽ ደግሞ ላቪኒያን።

ላቪኒያ ከመጣች ጀምሮ የጠዋት ፀሐይ የሚገባባቸውን ክፍሎቼን እየገባች ታያቸዋለች። መጋረጃቸው ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚያምር እስከ መናገር ደርሳለች።

«እንግዲያውስ ክፍሎቼን ለላቪኒያ እለቃለሁ» አልኩት። «በምትካቸው ጎጆዋን ለዕድሜዬ ስጠኝ። የምመርቅህ እናትህ ነኝ፤ የሚፈርመውን ምስክር ደግሞ ሚስተር ዳንሲ ይፈልግልኛል።»

«እማማ! እርስዎ እዚያ ጎጆ ውስጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«አንተን ምንም አይሉህም። አሮጊቷ አበደች ነው የሚሉት። ይበሉ።»

ላቪኒያ ሻይዋን አስቀምጣ ባሏን ተመለከተች። እሱ ደግሞ መስኮቱን ተመለከተ። «ማገዶ ከዚህ እልካለሁ» አለ። የእሺታው መንገድ ይህ ነበር፤ በዚህ አባቱን ይመስላል።

ጎጆዋ ውስጥ አብረን እንደምንኖር ለኬዚያ የነገርኳት ወተት ቤት ሄጄ ነው። አይቡን መገልበጧን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እሜቴ፣ እሳት ማንደድ እንኳ የማያውቁ!»

«ታስተምሪኛለሻ።»

«ሌሊት ያንኮራፋሉ ይባላል።»

«ማን አለሽ?»

«ሟቹ ጌታዬ ናቸዋ።»

ያን ጊዜ ሳቅን። ከሳቁም በኋላ፣ «እርስዎ ቢሞቱስ?» አለችኝ።

«ቤቱ ወደ ጃስፐር ይመለሳል።»

«እኔስ?»

አይቡን በጨርቅ ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ አኖረች፤ እጇን ታጠበች።

«እንዲያ ከሆነ መሞት የለብዎትም» አለች።

በጎጆዋ ሦስተኛ ክረምታችን ነው። ያለ ሻርፕ ደጃፉን አታሳልፈኝም። ካሳለኝ ማርና የሞቀ የፖም ጠጅ ይዛ ከች ትላለች፤ «ቤቴን እያፈረሱብኝ ነው» እያለች። ጠዋት እንቁላል ሁለት፣ ማታ የአጥንት ሾርባ፤ የበላሁትን ቆማ ታያለች። ከቶባያስ በኋላ ብዙ መቆየት የምመኝ ሰው አልነበርኩም። ምግቡም አፌ ውስጥ ጣዕም የለውም። ግን ሳህኑን ባዶ አድርጌ እመልስላታለሁ።