የጳጳሱ እህት ቬራኒያ

በእኛ አገር ባለትዳር ሰው ጳጳስ ሲሆን ሚስቱ እህቱ ትሆናለች። ነገሩ እንዴት እንደሚካሄድ በቅርብ ስላየሁት ከሥሩ ልናገር።

ፍሮንቲኖስ ወይን የሚያለማ ጨዋ ሰው ነበር። የከተማችን ሕዝብ ጳጳስ ይሁንልን ሲል፣ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የተጠየቀችው ሚስቱ ቬራኒያ ናት። በሁሉ ፊት «እሺ» አለች። በዚያው ቀን ከግቢው ማዶ ወዳለችው ትንሽ ቤት ገባች፤ እኛ አገልጋዮቹ ደግሞ በጳጳሱ አልጋ ዙሪያ መተኛት ጀመርን። ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ የምንጠብቀው ከሌባ አይደለም። ክፉ ወሬ ቢነሣ «እዚያው ነበርን» ብለን እንድንመሰክርለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ «እህታችን» ይላታል። ወላጆቿ ሞተዋል፤ ከፍሮንቲኖስም ልጅ አልወለደችም። አንድ ቀን ወይን ስትገርዝ ላግዛት ሄድኩ።

«ኡርሲኖ፣ በስምህ የሚጠራህ ሰው አለ?»

«ሁሉም ይጠሩኛል፤ አብዛኞቹ ሊቆጡኝ።»

«ታድለሃል» አለች። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እሱ አንድ ጊዜ ቬራኒያ ቢለኝ ይበቃኝ ነበር።»

ብርዱ ሊወጣ ሲል ጳጳሱን ትኩሳት ጣለው። ልትጠይቀው ለመነች። ሥርዓት አክባሪው ሊቀ ዲያቆን ራግኖባልድ ሁላችንንም በግድግዳው ሥር አቁሞ፣ እሷን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጣት።

«እንዴት አደሩ፣ አባታችን?»

«ተመስገን፣ እህቴ። ወይኑ ተገረዘ?»

«ግማሹ ይቀራል።»

«ከግንቡ ሥር ያለውን አጥብቀሽ እንዳትቆርጪው።»

«ዘንድሮም ይህንኑ ሊነግሩኝ ነው? መቼ ቆርጬው አውቃለሁ?»

ጳጳሱ ፈገግ አለ። ሊቀ ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ተነሥታ ትንሽ ቆመች፤ ፍሮንቲኖስ ግን ሌላ ቃል አልጨመረም። እጅ ነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ማለዳ ዐይኑን ሳይገልጥ «ቬራኒያ» አለ። ሁላችንም ሰማን። ሳይረፍድ ዐረፈ።

«የትኩሳት ንግግር ነው፤ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አለን ሊቀ ዲያቆኑ። እኔ ግን ከቀብሩ በኋላ ሄጄ ነገርኳት።

 «ድምፁ እንዴት ነበር? የሚለምን ወይስ የሚጣራ?» አለችኝ።

በደንብ አስቤ፣ «ከሌላ ክፍል ሰው እንደሚጣራ ነበር» አልኳት።

«እንግዲያ የፈለገው ነገር ነበር። ምን ሰጣችሁት?»

«ውሃ።»

«ውሃ አይደለም። መስኮቱን ክፈቺልኝ ማለቱ ነው፤ ሲታመም አየር ያጥረዋል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ከፈታችሁለት?»

«ብርድ ነበር፣ እህታችን» አልኳት። «ዘግተነው ነበር።»