የእማዬ ፈትል

እህቴ ራሷ ከሠራችው የሽመና ሥዕል በስተቀኝ ቆማለች። ታናሼ ናት፤ አዲስ አበባ ከገባች ብዙ ዘመኗ ነው። በስተግራ ከቢላ ከተማ የመጡት ሽማግሌ ሸማኔ፣ የእናታችንን ጋቢ ይሠሩ የነበሩት፣ ከዘራቸውን ተደግፈዋል። እንግዶቹ ስልካቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ። ቦታው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለ አዳራሽ ነው።

ሽመናው ግድግዳውን ሞልቶታል። እናታችን ደጃፍ ተቀምጣ እንዝርት ታሾራለች፤ ጉልበቷ ሥር አንዲት ልጅ አለች። ከታች በጥቁርና በነጭ ክር የተሠራ አራት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ስልክ ሲያስጠጉበት የእህቴ ድምፅ ይተርካል። የእኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ በአንዲት እንግዳ ስልክ ሰማሁ።

«ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ ባዘቶውን አቀብላት ነበር» ይላል።

አቀባይዋ እኔ ነበርሁ። እሷ ያን ጊዜ እኔ ጀርባ ላይ ታዝላ ትተኛ ነበር። አነጋገሯ ግን ያምራል፤ እኔ እንዲያ አድርጌ መናገር አልችልም። እሱም አናደደኝ።

«ነጩ ክር እናቴ ከመሞቷ በፊት በእጇ የፈተለችው ነው» ይላል ደግሞ።

ባለፈው ክረምት ደውላ «እትዬ፣ የእማዬን ፈትል ላኪልኝ» ብላኝ ነበር። በቤታችን የእማዬ ፈትል የሚባለው ቀጭኑ ነው፤ ማንም ይፍተለው። ወፍራሙን የጎረቤት ፈትል እንለው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ፈትዬ ላክሁላት። እናታችን የፈተለችውማ ጋቢ ሆኖ፣ ጋቢውም አርጅቶ አልቋል። ሲደርሳት ደውላ «አለቀስሁ» አለችኝ። የእጄን ሥራ አይታ መስሎኝ ነበር።

እንግዶቹ «እናትሽን አስነሳሻት» እያሉ አቀፏት። ጣቴ ላይ የደነደነውን ቆዳ በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ሽማግሌው ከሽመናው ጫፍ የተንጠለጠለ ነጭ ክር ይዘው በጣታቸው ፈታ አደረጉት።

«አዴ፣» አሏት እህቴን፣ «እናታችሁ ግራኝ ነበሩ። ፈትላቸው ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ ጣቴ ያውቀዋል። ይሄ የቀኝ እጅ ነው።»

«ኦቦ፣ ስልኩን ይስሙት እንጂ፤ ሁሉንም ተናግሬዋለሁ።»

«ስልኩማ ያወራል። አይፈትልም።»

ሰው ሳቀ። እህቴ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ የእማዬን አይደለም እንዴ የላክሽልኝ?»

«የእማዬን ፈትል ነው ያልሽኝ።»

«ታዲያ ማን ፈተለው?»

አንዲት እንግዳ ዘግይታ ገብታ ስልኳን አስጠጋች። ድምፁ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ «ጉልበቷ ሥር ተቀምጬ» አለ።

«እኔ» አልሁ።

በሩ አጠገብ ስለነበርሁ ለመውጣት ማንንም ማለፍ አላስፈለገኝም። ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።